የአሉላ ድርሻ

አቶ ተከስተ በር ሲያንኳኩ ቆርቆሮውን አይነኩም። ቆርቆሮ ይጮኻል፣ የተኛ ሰው ያስደነግጣል። የሚያንኳኩት መቃኑን ነው፤ እንጨቱን፣ በጣታቸው አንጓ፣ ቀስ አድርገው። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው ግቢ ይህን ድምፅ የማያውቅ አልነበረም። ጎሕ ሲቀድ ከተሰማ፣ የነቃው ሁሉ አልጋው ላይ እንዳለ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። የተንኳኳው የጎረቤት በር መሆኑን ሲያውቅ "ተመስገን" ይላል። ማዘን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

አቶ ተከስተ መርዶ ነጋሪ ነበሩ። ሹመት አይደለም፣ የሚቀጥርበትም የለም። እድር ያለ ጡሩምባ ነፊ እንደማይሆን ሁሉ፣ የሞትን ወሬ ከባለቤቱ ጆሮ የሚያደርስ አፍም ያስፈልጋል፤ ያ አፍ የእሳቸው ሆነ። ነገሩ የጀመረው በወጣትነታቸው፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ሳሉ ነው። መኪናዋ ከሥራ በኋላ ግቢው ደጃፍ ስለምታድር፣ ሽማግሌዎቹን ወደ ሟች ዘመድ ቤት የሚያደርሱት እሳቸው ነበሩ። አንድ ጠዋት ባምቢስ አካባቢ ከአንዲት እናት ፊት የሽማግሌዎቹ አንደበት ተሳሰረ። አንደኛው ስለ ዝናቡ አወራ። ሌላው "ልጅሽን ትንሽ አሞት ነው" አለ። ሴትየዋ "የት ሆስፒታል ነው?" እያለች ጫማዋን ስታፈላልግ፣ የመኪና ቁልፍ ይዞ በር ላይ የቆመው ሾፌር፣ "እናቴ፣ እርምዎን ያውጡ፤ ልጅዎ አርፏል" አለ። ሽማግሌዎቹ በመልስ ጉዞ አንድም ቃል አልተናገሩትም። በሚቀጥለው ሞት ግን ዝም ብለው ወደ ፊት ገፉት።

ከዚያ ወዲህ ስንት በር እንዳንኳኩ አልቆጠሩም። "ትንሽ አሞት ነው" የሚባለውን ማባበያ እሳቸው አይወዱም። የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠራሉ፣ አርፏል ይላሉ፣ ከዚያ ዝም ብለው ይቆማሉ። የሚጮኽ ይጮኻል፣ ደረታቸውን የሚደበድባቸውም አለ፤ አይሸሹም። አንድ የሚኮሩበት ነገር ነበራቸው። ከሰሙ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያውን ጎሕ አሳልፈው አያውቁም። "ሬሳና መርዶ ሲያድር ይሸታል" ይሉ ነበር።

ሰው ግን ስለዚህ አልወደዳቸውም። ሰርግ ሲኖር የጥሪው ካርድ ይደርሳቸዋል፤ ካርዱን ያመጣው ሰው ደግሞ "ጋሼ፣ ብርዱ ከባድ ነው፤ ባይመቾት ቅር አይለንም" ብሎ ይሄዳል። ወላድ ሊጠይቁ ሲሄዱ የወላዷ እናት በሩ ላይ ቆማ "ተኝታለች" ትላለች፤ የተኛችው ወላድ ከውስጥ ስትስቅ ይሰማል። ሚስታቸው በሕይወት ሳለች ሰው በእሷ ሰበብ ይመጣ ነበር፤ እሷ ከሞተች በኋላ የአቶ ተከስተን ደጃፍ የሚረግጥ ጠፋ። አንድ ሰሞን ከማንኳኳታቸው በፊት "ለሰላም ነው" ብለው ከሩቅ መጣራት ጀምረው ነበር። የግቢው ልጆች ያንንም ቀለዱበት፤ እርስ በርስ ሲፈራሩ "ለሰላም ነው" ይባባሉ ጀመር። እሳቸውም ተዉት።

እንዲህ እያለ ነው እጸገነት የመጣችው።

እጸገነት ከካዛንቺስ ነው የመጣችው። የነበረችበት ሰፈር ለልማት ሲነሣ ጎረቤቶቿ ከፊሉ በአንድ የከተማ ዳር፣ ከፊሉ በሌላው ዳር ቤት ደረሳቸው። እድሩ ድስቱንና ድንኳኑን ተካፍሎ ተበተነ። እሷ በየቢሮው ምሳ እያዞረች የምትሸጥ ስለነበረች ከደንበኞቿ መራቅ አልቻለችም፤ ፈልጋ ፈልጋ እዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየች። ባሏ ድሮ ነው የሞተው። ያላት አንድ ልጅ አሉላ ነበር፤ በጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ረዳት ነው።

ክፍሉን ግን ወይዘሮ ማዕዛ ለእህታቸው ልጅ አስበውት ነበር። ወይዘሮ ማዕዛ የእድሩ የሴቶች ሰብሳቢ ናቸው፤ ቤታቸው ከቧንቧው አጠገብ ነው፤ እሳቸው ያላነጋገሩትን ሰው ግቢው አያነጋግርም። እጸገነት ዕቃዋን ስታወርድ በራቸውን ዘጉ። እንደ ወጉ ለአዲስ ጎረቤት ዳቦ ይወሰዳል፣ የቧንቧው ተራ ይነገራል፣ የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ የሚሰቀልበት ቦታ ይታያል። ለእሷ የወሰደም ያሳየም አልነበረም። "ከፈረሰ ቤት የመጣ ሰው መፍረስን ይዞ ይመጣል" አሉ ወይዘሮ ማዕዛ ለሴቶቹ። ሴቶቹ ሳቁ።

አቶ ተከስተ ይህን ሁሉ ከበራቸው ላይ ሆነው ያዩ ነበር። እጸገነት ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ባዶ ባልዲዋን ይዛ ስትመለስ ሳምንት አለፈ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባቸው፦ ይህችን ሴት ያነጋገራት የለም፤ እንግዲያው እሳቸው ማን እንደሆኑ የነገራትም የለም።

ከሰዓት በኋላ ዳቦ ገዝተው ሄዱ። መቃኑን አንኳኩና ጆሯቸውን ሰጡ። ያ የለመዱት፣ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ የሚሰማው ዝምታ አልመጣም። በሩ በአንድ ጊዜ ተከፈተ።

"ይግቡ፣ ይግቡ፣ አባቴ" አለች እጸገነት። "እኔ እኮ እዚህ ሰው የለም እንዴ እያልኩ ነበር።"

አቶ ተከስተ የዳቦውን ፌስታል እንደያዙ ቆመው ቀሩ። እንደዚህ ያለ ነገር ሲባሉ ምን እንደሚመለስ ረስተውት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከራሳቸው ቤት ይልቅ የእሷ ቤት ቤታቸው ሆነ ማለት ይቻላል። ምሳ አዙራ ስትመለስ ይሄዳሉ። አገራቸው ቅርብ ለቅርብ ሆኖ ተገኘ፤ አንዳንዴ አማርኛውን ትተው በትግርኛ ያወሩ ነበር። ከተረፈው ወጥ ታቀርብላቸዋለች፤ የካዛንቺስን ጎረቤቶቿን በየስማቸው እየጠራች ማን ምን ይወድ እንደነበር ትነግራቸዋለች። በታኅሣሥ አሉላ ለሁለት ቀን መጣ። ረጅም፣ ጥርሱ የማይከደን፣ እጁ በግራሶ የጠቆረ ልጅ ነበር። አቶ ተከስተ የድሮ ሾፌር መሆናቸውን ሲሰማ ከአጠገባቸው አልነቃነቅ አለ።

"ሾፌሬ ሜዳ ሲሆን መሪውን አንዳንዴ ይሰጠኛል፣ ጋሼ" አላቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ፍሪሲዮን ስለቅ ግን መኪናው ይዘላል።"

"ትቸኩላለህ። እግርህን እንደ ሰረቀ ሰው ነው የምታነሣው።"

"እናቴ፣ ሰማሽ? ሌባ አሉኝ።"

"እሳቸው ካሉ ነህ" አለች እጸገነት። ሦስቱም ሳቁ። መንጃ ፈቃዱን ለማውጣት ሲመጣ አቶ ተከስተ ሊያለማምዱት ቃል ገቡ።

ግቢው ይህን ሁሉ ያይ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ወይዘሮ ማዕዛ ያዩ ነበር። አንድ ቀን ቧንቧው ዘንድ፣ "እጸገነት፣ እንግዳሽ በርትቷል" አሏት። "ምን ምን ይነግርሻል?"

"ስለ መኪና ነው የምናወራው" አለች እጸገነት፣ መነጋገሯ ደስ ብሏት።

"ስለ መኪና ብቻ ከሆነ ተመስገን በይ።"

ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ ባልዲያቸው አዞሩ። እጸገነትም ቀልዱ ባይገባትም አብራ ሳቀች።

አቶ ተከስተ ይህን ሲሰሙ ማታውን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። በማግስቱ ወይዘሮ ማዕዛን ለብቻቸው አግኝተው፣ "ልትነግሪያት ነው?" አሏቸው።

"ምን ብዬ?"

"ታውቂዋለሽ።"

ወይዘሮ ማዕዛ ጥቂት ካዩአቸው በኋላ፣ "አልነግራትም፣ ተከስተ" አሉ። "አንተም እኮ አንድ ቤት ያስፈልግሃል።"

ደግነት መሰላቸው። አመሰገኑ።

በጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ክንዱ በፋሻ የታሰረ ሰው ግቢው በር ላይ ወዳለው የኪዱ ሱቅ መጣ። ኪዱ ለስላሳና ሳሙና ይሸጣል፣ ጎን ለጎን ስልክ ይጠግናል።

"የአሉላ እናት እዚህ ነው የሚኖሩት?"

"አዎ፣ ውስጥ ናት። ልጥራልህ?"

"አይ። አትጥራት" አለ ሰውዬው። "የሰፈር ሽማግሌ ካለ ግን…"

ኪዱ ነገሩ ገባው። ወጥቶ አቶ ተከስተን ጠራቸው። ሰውዬው ሲያያቸው ቆቡን አወለቀ። "ዋቅቶላ እባላለሁ። ሾፌር ነኝ። አሉላ ረዳቴ ነው።" ቃሉን አረመና፣ "ነበር" አለ። በጥምቀት ዕለት ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አላቸው፤ አሉላ ጎማው ሥር ታኮ ሊያስገባ ዘለለ፤ መኪናው በላዩ ሄደ። በረሃው ሬሳ አያቆይም። በማግስቱ በመንገዱ ዳር ባለች ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀበሩት። "እኔ ልነግራት አልችልም፣ አባቴ" አለ ዋቅቶላ። "አንተስ እንዴት ተረፍክ ብትለኝ ምን እላታለሁ?"

አቶ ተከስተ እንደ ልማዳቸው ስለ ሟቹ አንድ ጥያቄ ሊጠይቁ ነበር፤ ተዉት። ያን ጊዜ ወይዘሮ ማዕዛ ከበር ገቡ።

"ማን ሞተ?" አሉ ገና ሳይቀርቡ። "ተከስተ ተጠርቶ ከወጣ ሞት ነው።"

ኪዱ ነገራቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ። "ወይኔ ልጄን፣ ምን የመሰለ ልጅ" አሉ፤ ቀጥለውም፣ "ድንኳን ግን አይተከልም" አሉ።

"ለምን?" አሉ አቶ ተከስተ።

"አባል አይደለችም። የራሷ እድር ነበራት።"

"እድሯ ተበትኗል፣ ማዕዛ። ድንኳኑን እንኳ ቀዳደው ተካፍለውታል።"

"እንግዲያው የደረሳትን ቁራጭ ትትከላ።"

ኪዱ ሳቁ አመለጠው፤ አፍሮ የቻርጀር ገመድ መጠቅለል ጀመረ። ዋቅቶላ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እያየ ቆመ።

"በሉ እንግዲህ፣ ነገ ጠዋት እንንገራትና እንገላገል" አሉ ወይዘሮ ማዕዛ። "ሐሙስ የቂርቆስ ንግሥ ነው፤ ሥራ አለብን።"

"ንግሡ ይለፍ" አሉ አቶ ተከስተ።

ኪዱ ቀና አለ። ወይዘሮ ማዕዛም እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። "ምን አልክ?"

"በዓል ሲደርስ መርዶ አይነገርም። የአገር ወግ ነው። ዓርብ ጠዋት ይሁን።"

"የአገር ወግስ ነው። ግን አንተ ነህ ይህን የምትል? የገና ዋዜማ የፀሃዬን ሚስት ከበጓ ላይ ያስነሣህ አንተ አይደለህም? ሲያድር ይሸታል የምትለው አንተ አይደለህም?"

"ዓርብ ይሁን አልኩ።"

"ሐሙስ ምሳህ የት ነው፣ ተከስተ?"

ሐሙስ ምሳ እጸገነት ጠርታቸዋለች። በንግሥ ቀን ሰው ቤት ከተጠሩ ዓመታት ሆኗቸዋል።

"ገባኝ" አሉ ወይዘሮ ማዕዛ። "እሺ፤ ብላ እንግዲህ።"

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ እጸገነት ራሷ ስልኳን ይዛ ከግቢው ብቅ አለች። ዋቅቶላ ፊቱን ወደ ሳሙናው መደርደሪያ አዞረ።

"ጋሽ ተከስተ፣ እዚህ ነዎት እንዴ?" አለችና ስልኩን ለኪዱ ሰጠችው። "እስቲ እየው፣ ወንድሜ። ለአሉላ ስደውል ጥሪ አይቀበልም ይለኛል። በጥምቀትም ሳይደውልልኝ ቀረ። ይሄ ስልክ ነው መሰለኝ የተበላሸው።"

ኪዱ ስልኩን አገላበጠ። "እ… ማለቴ፣ ሶፍትዌሩ ነው። በቃ እዚህ ተዪው። ዓርብ ትወስጂዋለሽ።"

"ዓርብ? ደንበኞቼ ይደውሉልኛል እኮ።"

"በቃ፣ ካልተረጋጋ ይብሳል።"

"ልጅሽ በረሃ ነው ያለው" አሉ ወይዘሮ ማዕዛ፣ ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ። "እዚያ ኔትዎርክ ከየት ይመጣል? አትጨነቂ፣ የኔ እመቤት።"

እጸገነትና አቶ ተከስተ አብረው ወደ ውስጥ ተመለሱ። ቤቷ በር ላይ ስትደርስ ቆም ብላ፣ "አዩ፣ ዛሬ እትዬ ማዕዛ የኔ እመቤት አሉኝ" አለቻቸው። ፊቷ በርቶ ነበር። "ቀስ በቀስ እኮ ሰው ይላመዳል።"

"ይላመዳል" አሉ አቶ ተከስተ።

የረቡዕ ጎሕ ቀደደ። አቶ ተከስተ ከዘራቸውን ይዘው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አሳለፉት። የሐሙስም ጎሕ ቀደደ፤ እሱንም አሳለፉት። ቀድሞ አንድም ያላሳለፉት ሰው ሁለተኛውን ሲያሳልፉ ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለላቸው።

ሐሙስ ታቦቱ ወጥቶ ከገባ በኋላ ሱፋቸውን ለብሰው ሄዱ። እጸገነት ከንግሡ ተመልሳ የአበሻ ቀሚሷን ሳታወልቅ ማዕዱን አቅርባለች። ዶሮ ሠርታለች። ከሌላው ነጥላ በትንሽ ሳህን ያስቀመጠችው አንድ ብልት ነበር።

"ይህ የአሉላ ነው፤ ፈረሰኛው" አለች። "አባቱ ከሞተ ጀምሮ የቤቱ ወንድ እሱ ነው፤ ዶሮ በሠራሁ ቁጥር አስቀምጥለታለሁ። ለጥምቀት ይመጣል ብዬ ነበር፣ ቀረ። ለንግሡም ቀረ።" ሳህኑን ጥቂት አየችና ወደ እሳቸው ገፋችው። "እርስዎ ይብሉለት።"

"ይቀመጥለት" አሉ አቶ ተከስተ።

"ሲመጣ ሌላ እሠራለታለሁ። የእሱን ድርሻ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም፤ እርስዎ ግን እንደ አባቱ ነዎት።"

"እጸገነት፣ ይቅር።"

"ለምን?" አለች። በፈገግታ ነበር የጠየቀችው፤ ግን ዓይኗ ከፊታቸው አልተነሣም።

አቶ ተከስተ ሰው ለምን ብሎ ሲጠይቅ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃሉ። መንገር ይችሉ ነበር። ቃሉ አጭር ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲሉት ኖረዋል። ቢሉት ግን ይህ ማዕድ ይነሣል፣ ይህ በር ይዘጋል፤ ነገ እንደ ሌላው ቤት ይሆናል። እጃቸውን ዘረጉ። እንጀራውን ጠቅልለው ፈረሰኛውን በሉ።

"ጣፈጠ?"

"ጣፍጧል።"

እውነታቸውን ነበር። የከፋውም እሱ ነው።

"መንጃ ፈቃዱን በመጋቢት ያወጣዋል። ቃልዎን አልረሱም አይደል?"

"አልረሳሁም። አለማምደዋለሁ።"

"እግሩ ይቸኩላል ብለዋል።"

"ይለምዳል" አሉ አቶ ተከስተ። "እኔም በሱ ዕድሜ እቸኩል ነበር።"

እስኪመሽ ተጫወቱ። እጸገነት አሉላ ልጅ ሳለ የካዛንቺስን ሚኒባስ ረዳቶች እየተከተለ የታክሲ ጥሪ ሲለማመድ ይውል እንደነበረ ድምፁን እያስመሰለች ነገረቻቸው፤ አቶ ተከስተ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እንባው የሳቅ ነበር። ያን ያህል ጊዜ መርዶውን ረስተውት ነበር፤ አሉላ በሕይወት እንዳለ አድርገው ነበር የሳቁት።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ከእጸገነት በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። ወይዘሮ ማዕዛና ሁለት ሴቶች፣ ኪዱ፣ ጋቢ የለበሱ የእድር ሽማግሌዎች። አቶ ተከስተ ከፊት ሆነው መቃኑን አንኳኩ። ከውስጥ የእግር ኮቴ በጥድፊያ መጣ።

"ጋሽ ተከስተ፣ በጠዋቱ" አለች እጸገነት እየሳቀች። ቀጥላ ከኋላቸው ያሉትን አየች። አንድ በአንድ አየቻቸው። ፊቷ ላይ የመጣው ግን ፍርሃት አልነበረም፤ የእሳቸው ማንኳኳት ለእሷ ክፉ ነገር ሆኖ አያውቅም።

"እትዬ ማዕዛ" አለች። "እናንተም… ሁላችሁም መጣችሁልኝ? ግቡ፣ ግቡ። ቤቱ አልተጠረገም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። መምጣታችሁን ባውቅ እኮ…" ተመልሳ ገብታ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ እንዲገኝ አልጋዋ ላይ ያለውን ልብስ ማንሣት ጀመረች። "ወንበር አይበቃም። እዚህ አልጋው ላይ ተቀመጡ። ሻይ አሁን ይደርሳል።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተመልሶ ወጣ። ኪዱ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ወይዘሮ ማዕዛ በአገጫቸው ለአቶ ተከስተ ምልክት ሰጡ፤ በል እንጂ።

"አሉላ" አሉ አቶ ተከስተ። እንደ ልማዳቸው ከነአባቱ ሊጠሩት ነበር። የአባቱን ስም እንደማያውቁ ያን ጊዜ ገባቸው። ያን ሁሉ ቀን እየበሉ እየጠጡ፣ ጠይቀዋት አያውቁም። "እጸገነት፣ እርምሽን አውጪ። አሉላ አርፏል።"

እጸገነት ከአልጋው ያነሣችውን ጨርቅ እንደያዘች ቆመች።

"የት?"

"መንገድ ላይ። መኪና ነው።"

"መቼ?"

ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ ሐዘንተኛ የለም። አቶ ተከስተ ሁልጊዜ ዕለቱን በቀጥታ ይናገሩ ነበር። "በጥምቀት ዕለት" አሉ።

"አሁን ነው የሰሙት?"

መልሱን ወይዘሮ ማዕዛ ሰጡ።

"ማክሰኞ ነው የሰማው፣ የኔ እመቤት። እኛማ ረቡዕ እንንገራት ብለን ነበር። ንግሡ ይለፍ ያለ እሱ ነው።"

እጸገነት ወደ አቶ ተከስተ ዞረች። ከንፈሯ ቀናቱን ሲቆጥር ይታይ ነበር። ሐሙስ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"እያወቁ በሉት?" አለች።

ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ በር ላይ ለቆሙት አልተሰማም። ከዚያ በኋላ የወጣው ግን እስከ አስፋልቱ ተሰማ። "ወደይ" እያለች፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ በትግርኛ ደጋግማ ጮኸች፤ ሴቶቹም ተቀብለው አለቀሱ። አቶ ተከስተ እንደ ልማዳቸው አልሸሹም። ግን ደረታቸውን የሚመታ፣ ልብሳቸውን የሚይዝ አልመጣም። እጸገነት በእሳቸው በኩል አልፋ የወይዘሮ ማዕዛ አንገት ላይ ወደቀች።

ድንኳን አልተተከለም። በረንዳው ላይ ሸራ ተወጥሮ ምንጣፍ ተነጠፈ። ሰፈሩ ግን ወጣ፤ ባንወጣ ሰው ምን ይለናል ብሎ የወጣም አለ፣ ልቅሶውን ሲሰማ ልቡ ተነክቶ የወጣም አለ። አቶ ተከስተ ከሰዓት በኋላ መጥተው ከሸራው ጫፍ ተቀመጡ። ለቅሶ የመጣን ሰው ውጣ ማለት ነውር ነው፤ እጸገነትም አላለችም። ዮሃና የምትባለው የወይዘሮ ማዕዛ የእህት ልጅ፣ ያ ክፍል የታሰበላት፣ ንፍሮ በሳህን እያዞረች አጠገባቸው ስትደርስ ግን፣ እጸገነት በጎረነነ ድምፅ ጠራቻት።

"ለእሳቸው አትስጪ፣ እህቴ። የልጄን ድርሻ በልተው ነው የመጡት።"

ዮሃና ሳህኑን ይዛ ቀረች። አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ያዘች፤ ከነጠላው ሥር ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እያለቀሰች አልነበረም። አቶ ተከስተ ለቀስተኛው እስኪነሣ ድረስ ቁጭ አሉ። ቀድመው ቢነሡ መንገዱ በሰው መሃል ነበር።

ሴቶቹ ሌሊቱን በተራ አብረዋት አደሩ፤ የመጀመሪያዋ ወይዘሮ ማዕዛ ነበሩ። ስለ አቶ ተከስተ ሁሉንም የነገሯት በዚያ ጊዜ ነው።

"ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?" አለች እጸገነት።

"ደስ ብሎሽ ስናይሽ ጊዜ ምን እንበልሽ?" አሉ ወይዘሮ ማዕዛ። "ደግሞም ማን ያስብ ነበር፣ በአንቺ ላይ ይደርሳል ብሎ።"

ሐዘኑ ሳይወጣ እድሩ መዘገባት። የቧንቧው ተራ ተሰጣት። ሽሮ አለቀባት ሲባል ሦስት ቤት ሽሮ ይልካል። ከካዛንቺስ ከመጣች ወዲህ ቤቷ እንደዚያ በሰው ተሞልቶ አያውቅም ነበር።

ከአርባው በኋላ አንድ ማታ ወይዘሮ ማዕዛ የአቶ ተከስተን በር ገፍተው ገቡ። ሳይጋበዙ ወንበር ሳቡ።

"ታክሲ ተራው አጠገብ የምትሰፋዋ ልደት" አሉ። "ወንድሟ ሞቷል። ነገ ጠዋት ተዘጋጅ።"

"ሌላ ሰው ፈልጊ።"

"ማንን?"

"ማንንም። አንቺም አፍ አለሽ።"

"የኔ አፍ ለሌላ ነው።" ወይዘሮ ማዕዛ አልተቆጡም። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ያልተነጠፈውን አልጋ፣ በድስቱ ውስጥ የደረቀውን ፓስታ። "ተከስተ፣ ልጠይቅህ። ሰው በር የሚከፍትልህ ለምን ይመስልሃል?"

አቶ ተከስተ ድስቱን ከደኑት።

"ይህንንም ከተውከው ማን ይከፍትልሃል?"

ወይዘሮ ማዕዛ ተነሥተው ወጡ።

ጎሕ ሲቀድ አቶ ተከስተ ከዘራቸውን ይዘው ከቤታቸው ወጡ። ወደ ግቢው በር የሚወስደው መንገድ በእጸገነት ደጃፍ ነው። ለደንበኞቿ ምሳ ለማዘጋጀት በዚያ ሰዓት ትነሣለች፤ መብራቷ በርቶ፣ ቢላዋ ሽንኩርት ሲከትፍ ይሰማ ነበር። የከዘራው ድምፅ ሲቀርብ ቢላዋው ቆመ፤ መብራቱም ጠፋ።